ማንም የማያውቀው ቃል

ሰርኬ ያን ቀን ጠዋት የሰማችውን የሰማችው ለመስማት ብላ አይደለም። የአባቷን ሳሎን ለሁለት የከፈለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወንድሟ ወዲያ ማዶ ሲያስነጥስ እሷ ወዲህ ማዶ ሆና «ይማርህ» ትላለች። ፕሪንተሯን ወረቀት እያጎረሰች ሳለ ዳኛቸው ለቴክኒሻኑ ለይርዳው፣ ምሳ ምን ይሻልሃል በሚል ሰው ድምፅ፣ «ወደ እሷ ቤት የሚሄደውን ገመድ ከሥሩ ቁረጠው። ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልግም» ሲለው ሰማች። ይርዳው «ጋሼ ዳኛቸው፣ እትዬ ሰርኬ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ። «ታውቃለች» አለ ዳኛቸው። ጉጠቱ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ ሰርኬ ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ሞደም ብልጭ ብልጭ ብሎ መብራቱ ጠፋ።

አታውቅም ነበር። የምታውቀው ሌላ ነው። ያ መስመር አባታቸው በሕይወት ሳሉ ሲገባ፣ ኢንተርኔት ማለት እንደታነቀ ዶሮ እየጮኸ፣ እያፏጨ፣ በስልክ ሽቦ ውስጥ ተጎትቶ የሚመጣ ነገር ነበር። አንድ መልእክት ለመላክ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አባቷ «ልጄ፣ ያንን ጩኸት ጨርሺና ስልክ ልደውልበት» ይሏት ነበር፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከዚያ ትንሽ ፈጠነ፣ ከዚያ ለወራት ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። ሰርኬ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ጽፋ፣ ፎቶ ኮፒ አንስታ፣ የተማሪ ውጤት አትማ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሽቦ ነው። ዘንድሮ ፋይበር የሚሉት ፈጣኑ ገመድ ሊገባ ነው ሲባልም ክረምቱን ሙሉ የተጨነቀችበት እሷ ናት። ነባሩ የስልክ ድርጅት በገመድ፣ አዲሱ በማማ፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይረክሳል፣ መብራት ሲጠፋ የትኛው ይቆማል እያለች ባንክ ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም ጠየቀች። ቤታቸው ከጉብታው ሥር ስለሆነ የማማው አይደርሰንም፣ ፋይበር ይሁን ብላ የወሰነችው ራሷ ናት። መስመሩ በአባታቸው ስም ስለነበረ ወደ አንድ ወራሽ ስም መዞር ነበረበት። ዳኛቸው፣ ደብረ ታቦር መመላለሱ ለአንቺ ይከብዳል፣ በእኔ ስም ይሁንና ሁለታችን እንጠቀምበት አላት። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው፤ ፈረመችለት። ብዙም ሳይቆይ በራሱ በኩል ባለው ግማሽ ሳሎን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ደርድሮ «ኢንተርኔት ቤት» የሚል ታፔላ ሰቀለ። ያን ጊዜም ቢሆን ገበያው ለሁለታችን ይበቃል ብላ ዝም አለች። ዝም ላለ ሰው ደግሞ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ነገሩ በገመዱ አላበቃም። ግድግዳው ማዶ ይርዳው አዲሱን ሳጥን ከሰቀለ በኋላ እንደ አስተማሪ ድምፁን አስተካከለ። ፓስወርድ ያስፈልጋል፤ የልጅ ስም አይሁን፣ ስልክ ቁጥርም አይሁን፣ ሰው ይገምተዋል አለ። «ከእርስዎ በቀር ማንም የማያውቀው ቃል ይሁን፤ ከስምንት የእንግሊዝኛ ፊደል አይነስ» አለ። ዳኛቸው ረዘም ላለ ጊዜ አሰበ። ዳኛቸው በቀበቶው ክታብ ሳያስር ከቤት የማይወጣ፣ የጎረቤት ነጋዴ ጠበል ቢያቀምሰው እንኳ መጀመሪያ እሱን አስቀምሶ የሚጠጣ ሰው ነው። በመጨረሻ «እስቲ ፊትህን ወዲያ አዙር» ሲለው ተሰማ። ከዚያ በአንድ ጣቱ እየፈለገ፣ እያመነታ መታ። ሰርኬ ይህን ሁሉ ሰማችው እንጂ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። ልቧ የተቆረጠው ገመድ ጋ ነበር።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ቀን አልነበረም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣበት ነው። ተማሪዎቹ ከየገጠሩ በሶ በኪሳቸው፣ የመፈተኛ ካርዳቸው በደብተር ውስጥ ተጣጥፎ፣ ሌሊት ተነሥተው የመጡ ናቸው። በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ቁጥር አንዱን ዩኒቨርሲቲ ያስገባዋል፣ ሌላውን ወደ ሞፈሩ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሰርኬ የዓመት የቤት ኪራይ ባይኖርባትም የዓመት ቀለምና ወረቀት የምትገዛው ከዚህ ቀን ነው። ተማሪዎቹን ቆዩኝ፣ መጣሁ አለቻቸውና ይርዳውን ደጅ ላይ ያዘችው። ልጁ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ለብቻዎት እንዳላስገባልዎት ምሰሶው ላይ ያለው ሳጥን ሞልቷል፣ ሌላ እስኪሰቀል ከርሞ ነው አላት። የተቆረጠውን ገመድ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ነበር።

አማራጭ ሲጠፋ ሰው የናቀውን በር ያንኳኳል። ሰርኬ ወደ መናኸሪያው ወርዳ የአዲሱን ድርጅት ሲም የሚሸጠውን ልጅ አገኘችው። ጥላውን ተክሎ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ክረምቱን ሙሉ ስታስረዝምበት የከረመችውን ጥያቄ አሁን በሳቅ መለሰላት። እንደሚመጡ አውቅ ነበር፣ እትዬ አላት። ሲሙ የሚገባባት የኢንተርኔት ሳጥን መዳፍ የምታክል ናት፤ ዋጋዋ ግን የኩንታል ገብስ ዋጋ ነው፤ የወሩ ፓኬጅ ለብቻው። ካልሠራ ይመልሱት ብሎ መታወቂያዋን ይዞ ሰጣት። እሷም እያሰበች፣ እየተሳደበች፣ እንደገና እያሰበች ዳገቱን ወጣች። ሳጥኗ መንገድ ዳር ላይ ደህና አድርጋ ትይዛለች፤ ቦዩ ጋ ሲደረስ ትደክማለች፤ ከቤት ሲገባ ጨርሳ ትጠፋለች። ሰርኬ በመስኮት ይዛት ቆመች፣ በወንበር ላይ ወጥታ ከፍ አደረገቻት፣ ከቆርቆሮው ሥር ሰካቻት። ጉብታው ጉብታ ነው፤ ለማንም አይታጠፍም።

ከሳጥኗ ቀና ስትል ደጇ ባዶ ነው። ተማሪዎቹ በሙሉ ተሰልፈው ያሉት ወንድሟ በር ላይ ነው። ዳኛቸው መፋቂያውን በአፉ ሸጉጦ በበሩ መቃን ተደግፏል። ሚስቱ ፅጌረዳ ከውስጥ ሆና ቁጥር ትቀበላለች፤ ፕሪንተሩ ያለ ማቋረጥ ያትማል። ዳኛቸው እህቱን በወንበሩ ላይ እንደ ዶሮ ተሰቅላ አያት። ተሰላፊው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«እቴ ሰርኬ፣ ምን አንከራተተሽ? እኔ ዘንድ አንድ ወንበር ትርፍ አለ። ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ደመወዝ እቆርጥልሻለሁ።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ያፈረላት መሬት መሬት አየ። ሰርኬ ከወንበሩ ወረደች፣ ወንበሩን በጨርቅ ጠረገችው፣ ወደ ቦታው መለሰችው። ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እናንት የምታነቡ፣ እህት ሆናችሁ ታናሽ ወንድማችሁ በገበያ መካከል ደመወዝ ልቁረጥልሽ ብሏችሁ የሚያውቅ ከሆነ የተሰማትን ታውቁታላችሁ። ካላላችሁ እኔ ብነግራችሁም አይገባችሁም።

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ ሽሮውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳው የእናታቸው የእማሆይ ባንቺዓለም ነው። ከሁለቱም ሱቆች በስተጀርባ ያለች፣ ወደ ሁለቱም በር ያላት፣ ወደ ጓሮ መንገዱ አንዲት ትንሽ መስኮት የምታይ ጠባብ ክፍል ናት። እማሆይ ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ ቤቱን የሚያዩት በጆሯቸው ነው። ምነው የአንቺ ማሽን ዛሬ ዝም አለ አሏት። ሰርኬ ገመዱን ዳኛቸው አስቆረጠው አለቻቸው። እማሆይ ጉርሻውን አላምጠው እስኪጨርሱ ቆዩ። «ወንድምሽ ነው» አሉ።  ሰርኬ ሌላ ቃል ጠብቃ ነበር፤ ተይው እነግረዋለሁ እንዲሏት፣ ቢያንስ ከንፈር እንዲመጥጡላት። እማሆይ ግን እጃቸውን ታጥበው መቁጠሪያቸውን አነሡ፤ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ይህ ጸሎት የቤቱ ጸሎት ነው፤ ሰርኬ ከልጅነቷ ጀምሮ የከንፈሩን አካሄድ ታውቀዋለች። መጀመሪያ የአባታቸው የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ የበኩር ልጅ የእሷ፣ በመጨረሻ የዳኛቸው። እማሆይ ከዳኛቸው በፊት ሁለት ወንዶች ቀብረዋል። ስለዚህ ለእሱ የክርስትና ስም ሲወጣ፣ ክፉ ሰው ሰምቶ በመተት እንዳያሳስርብኝ ብለው በቤት ውስጥ እንኳ ጠርተውት አያውቁም። ሲጠመቅ ጧፍ ይዛ የቆመችው ሰባት ዓመት የሞላት ሰርኬ ነበረች፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናቷ አገጯን ይዘው ከአፍሽ እንዳይወጣ አስምለዋታል። እዚህ ቤት የክርስትና ስም በአደባባይ የሚወጣው በፍትሐት ቀን ብቻ ነው። አባታቸው ያረፉ ዕለት እማሆይ አስከሬኑ ሲወጣ አላለቀሱም፣ ሲቀበርም አላለቀሱም፤ ካህኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ገብረ ሚካኤል» ሲል ነው ዋይታቸውን ያሰሙት።

ሰርኬ ባዶውን ሳህን እንደያዘች ከንፈሩን አየችው። ገብረ ሚካኤል። አመተ ማርያም። ከዚያ ሦስተኛው። ማንም የማያውቀው ቃል፣ ከስምንት ፊደል የማያንስ። እስቲ ፊትህን ወዲያ አዙር። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ወደ ሱቋ ተመልሳ ላፕቶፗን ከፈተች። የዳኛቸው ዋይፋይ በግድግዳው አልፎ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ቁልፍ ምልክት አለበት። ሦስተኛውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ሞከረች፤ እምቢ አላት። አንድ ፊደል ለውጣ ሞከረች፤ አሁንም እምቢ። ዳኛቸው እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጽፍ አሰበች፤ ማመልከቻውን ሁሉ የምትጽፍለት እሷ ስለነበረች ስህተቱን ታውቀዋለች። ስህተቱን ጨምራ ጻፈችው። ቁልፉ ተፈታ።

እዚህ ላይ ቢበቃት ኖሮ ማንም አይቀየማትም ነበር። የራሷን ደም የጠጣ መስመር ነው፤ ዝም ብላ ብትጠቀምበት የሚያውቅ የለም። ለጊዜውም እንዲያ አደረገች። አንዲት ከሲማዳ በኩል የመጣች ልጅ ሰልፉ ረዝሞባት ወደ እሷ ስትገባ ውጤቷን አውጥታ አተመችላት። ልጅቷ ቁጥሩን አይታ ወረቀቱን ሳመችው። ኢንተርኔቱ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ በሕይወቷ እንዲህ ሲፈጥን አይታ አታውቅም። ሰርኬ ለትንሽ ጊዜ ንዴቷን ረስታ ገረማት። ከዚያ ግድግዳው እንደገና ተናገረ። ዳኛቸው ለፅጌረዳ ነው የሚያወራው፤ ድምፁ የጠገበ ነው። ቢበዛ ገናን አትሻገርም፣ ትዘጋለች አለ። ስትዘጋ ይህን ኮምፔንሳቶ አፍርሰን ሳሎኑን አንድ እናደርገዋለን አለ። «እምየንም ወደ ኋላ ወደ ጭድ ቤቱ እናዞራታለን፤ ጓዳው ለዕቃ ይሆነናል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ዳኛቸው ግን ረስቶ እንኳ አልነበረም፤ ገና እየወጋ ነው። ሰርኬ ተነሥታ ወገቧን በነጠላዋ አሰረች። ትልቁን ፊደል መረጠችና ጻፈች። «ነፃ ዋይፋይ። የዳኛቸውን ክፈቱ። ፓስወርዱ ወልደ ሰንበት» ብላ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ከነስህተቱ አስቀመጠችው። አየችው፤ አልበቃትም። ከሁሉም በታች «ይህ የባለቤቱ የክርስትና ስም ነው» ብላ ጨመረች።  ሰባት ዓመቷ ሳለ የማለችው መሐላ ትዝ አላት፤ ትዝ አላትና አልመለሳትም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ቀን ጸሎት አላማራትም። አትማ በራሷ በር ላይ ለጠፈችው፤ ሌላ አትማ የጓሮው መንገድ ጥግ ላይ ለጠፈች።

ሰው ነፃ የሚባል ነገር ሲያይ አይጠራጠርም። መጀመሪያ ከሰልፉ ጭራ አንዱ ወጣ፣ ስልኩን ነካካ፣ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሰልፉ ማዕበል እንደመታው አጥር ፈረሰ። ምልክቱ ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው ሳጥኑ በተሰቀለበት ግድግዳ በስተጀርባ፣ በጓሮው መንገድ በኩል እንደሆነ ወዲያው ታወቀ፤ ተማሪው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ተማሪ ብቻም አይደል፤ ባለ ባጃጁ መጣ፣ ድንች የሚያወርዱት ወዛደሮች መጡ፣ ከጉልት የተነሡ ሴቶች ሳይቀሩ መጡ። ማንበብ የቻለው ለማይችለው ይጮህለታል። «ወልደ ሰንበት በል! ሳትለያየው!» ይላል አንዱ። «ወልደ ሰንበት ብዬ እምቢ አለኝ» ይላል ሌላው። «ወልደ ሰንበት ማን ነው?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ሲጠይቅ ባለ ባጃጁ «ዳኛቸው ነዋ» አለው፤ ሳቁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። በዳኛቸው ቤት ኮምፒውተሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሲከፍቱ የቆዩት ልጆች ገንዘባችንን መልስልን አሉት።

ዳኛቸው ወጣ። በእህቱ በር ላይ ያለውን ወረቀት አነበበው። እንደገና አነበበው። ሰርኬ ይህን ጊዜ ስትጠብቀው ነበር፤ ይሳደባል፣ ይማታል ብላ እግሯን አጽንታ ቆማለች። ዳኛቸው ግን አልተሳደበም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁ ሳያውቀው ወደ ቀበቶው፣ ወደ ክታቡ ሄደ። ከጓሮ በኩል ብዙ ድምፅ በአንድነት ስሙን ሲጠራው ትከሻው እንደተገረፈ ሰው ሽምቅቅ አለ።

«ምነው እቴ» አላት። 

«ወንበርህን አልፈልግም» አለችው።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።  ዳኛቸው ሮጦ ገባና የሳጥኑን ሶኬት ነቀለው። በጓሮ በኩል ኡኡታ ሆነ፤ ስልካቸውን ወደ ሰማይ እያነሡ፣ ስሙን ደግመው ደጋግመው እየጻፉ፣ እየጮሁ እየጠሩት ሞከሩ። ሶኬት ይነቀላል። ስም ግን አንዴ ከወጣ ወዴት ይሰካል?

በዚህ መሐል ነው ከጓዳ ዋይታ የተሰማው።

ሰርኬ በአንዱ በር፣ ዳኛቸው በሌላው በር ገቡ። እማሆይ በመስኮቷ ሥር መሬት ላይ ወድቀዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። «ወልደ ሰንበቴን! ልጄን! እኔ ሳልሰማ ማን ወሰደብኝ? ሕዝቡ ሁሉ ሰምቶ ለእኔ ሳይነግሩኝ ማን ፈታው?» ይላሉ። በሕይወታቸው ሙሉ በከንፈራቸው ብቻ ያሉትን ስም በሙሉ ድምፃቸው ይጠሩታል። 

ዳኛቸው ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። «እምየ፣ አለሁ። ይኸው፣ አለሁ።» አላመኑትም። ፊቱን ዳሰሱት፣ ጆሮውን ዳሰሱት፣ ሕፃን ሳለ ከሰርኬ ጀርባ ወድቆ የተፈነከተባትን የግንባሩን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ፈልገው አገኟት። እዚያ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ።

«ካለህ ታዲያ ሕዝቡ ስምህን ለምን ይጠራዋል?» አሉት።

ዳኛቸው ወረቀቱን ቢናገር ገመዱን መናገር አለበት፤ ገመዱን ቢናገር የጭድ ቤቱ ይከተላል። ወደ ሰርኬ አየ። እሷም በሩ ላይ እንደቆመች ናት፤ እንዲናገር ጠበቀችው፤ አልተናገረም። እማሆይ ዝምታውን አዳመጡት። በዚያ ቤት ዝምታ ስንት ነገር እንደሚናገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ይህን ስም ከራሱ፣ ከንስሐ አባቱና ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንዲት ሰው ናት» አሉ። የፈዘዘ ዓይናቸውን ሰርኬ ወደምትተነፍስበት አዞሩ። «ስንት ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩትም እምየ» አለች ሰርኬ። «በነፃ ነው የሰጠሁት።»

እማሆይ አላለቀሱም፣ አልረገሟትም። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፤ መቁጠሪያቸውን መሬት ለመሬት ዳበሱ፤ ዳኛቸው አቀበላቸው። ከንፈራቸው እንደ ወትሮው ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰርኬ ከበሩ ሳትንቀሳቀስ አየችው። ገብረ ሚካኤል አሉ። ቀጥለው ወልደ ሰንበት አሉ። የእሷን ስም ከመጨረሻው አዙረውት ይሆናል ብላ ጠበቀች። መቁጠሪያው ዞሮ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፤ ገብረ ሚካኤል አሉ፣ ወልደ ሰንበት አሉ።